ለቦርድ ጥገና የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ እንዴት ይመረጣል?

የአንድ ስልክ ታይፕ ሲ ሶኬት ቀይሬ፣ በእጅ አጉሊ መነጽር አገላብጬ አይቼ፣ ንጹህ ነው ብዬ አስረከብኩ። ደንበኛው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። «ቻርጅስ ያደርጋል፤ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን ምንም አያወጣም» አለኝ። ከጎረቤት ሱቅ ማይክሮስኮፕ ተውሼ ቦርዱን ከሥሩ ሳስቀምጠው፣ ዳታ በሚያመላልሱት ሁለት እግሮች መካከል ከፀጉር የቀጠነ የሊድ (ቀልጦ የሚበየድበት ብረት) ክር ተጋድሞ አገኘሁ። ሁለቱ የዳታ መስመሮች ሲገናኙ ስልኩ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ቻርጀር ጋር የተያያዘ ይመስለዋል። ኃይል ይቀበላል እንጂ ከኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም። ትንሽ ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) ቀብቼ በንጹህ የመበየጃ ጫፍ አንዴ ጠረግ ሳደርገው ችግሩ አለቀ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ሦስት ቀን የፈጀው ባለማየቴ ነው።

በዚያው ሳምንት የራሴን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 እጥፍ» የተጻፈበት፣ ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስል የዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ነበር። ምስሉ ጥርት የሚለው ሌንሱ ቦርዱን ሊነካ ሲቃረብ ብቻ ስለሆነ መበየጃ የማስገባበት ቦታ አልነበረውም። ለማየት ሆነኝ፤ ለመሥራት አልሆነኝም። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሥራ ጓደኞቼም ስመርጥ ሁልጊዜ ከሁለት ጥያቄ እነሳለሁ፦ ከሌንሱ ሥር እጅ የሚገባበት ቦታ አለ ወይ? ምስሉስ እጄን ሳይዘገይ ይከተላል ወይ? ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ መመሪያም የተጻፈው ከእነዚሁ ጥያቄዎች ተነስቶ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሥሩ የምታስገቡትን ቦርድ እወቁ

ቦርድ ላይ የሚበየዱ ትንንሽ ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች የሚጠሩት በመጠናቸው ነው። 0805 የሚባለው 2 በ1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ ብርሃንና ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ ይበይደዋል። 0603 ደግሞ 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ነው። 0402 ላይ ስንደርስ 1 በ0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ርዝመቱ የአንድ ፍሬ ጤፍ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በታች 0201 (0.6 በ0.3) እና 01005 (0.4 በ0.2) አሉ። የመጨረሻው ከጤፍ ፍሬ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በወረንጦ ስትይዙት መያዛችሁን የሚነግራችሁ ዓይናችሁ እንጂ ጣታችሁ አይደለም።

የምትጠግኑት ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ኢንቨርተር ከሆነ አብዛኛው ሥራችሁ 0805 እና 0603 ላይ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ 0402 በብዛት ይገጥማችኋል። ስማርት ስልክ ከሆነ 0201 እና ከዚያም ያነሰውን መልመድ የግድ ነው። የሶኬትና የአይሲ (ብዙ እግር ያለው ቺፕ) እግሮችንም አስቡ፤ ሙሉው የታይፕ ሲ ሶኬት 24 መገናኛዎች አሉት፤ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ከመሃል እስከ መሃል 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የስልክ ቦርድ ላይ የስክሪንና የባትሪ መሰኪያዎች ከዚህም ይጠጋጋሉ።

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ብዙ ጊዜ የምትሠሩት ትንሹ ዕቃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ እና ብዙ ጊዜ የምታስገቡት ትልቁ ቦርድ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ። የመጀመሪያው ሌንሱን፣ ሁለተኛው ስታንዱን ይመርጥላችኋል።

ደረጃ 2፦ ከሌንሱ ሥር ያለውን ክፍት ቦታ ጠይቁ

ከሌንሱ የታች ጫፍ እስከ ቦርዱ ያለው ርቀት፣ ምስሉ ጥርት ባለበት ሁኔታ ሲለካ፣ የሥራ ርቀት ይባላል። ለብየዳ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች አትውረዱ። በሆት ኤር (በሙቅ አየር መበየጃ) የምትሠሩ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ይሻላል።

ለምን ይህን ያህል? መበየጃ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ጋደም ብሎ ከጎን ነው የሚገባው። በሌላው እጅ ወረንጦ ወይም የሊድ ሽቦ አለ። ሁለቱም እጆች ከሌንሱ ሥር ተገናኝተው ሳይጋጩ መንቀሳቀስ አለባቸው። ከዚያ ጭሱ አለ። የፍላክስ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ይለጠፋል፤ ሌንሱ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ በቀን ውስጥ ቅባት የጋረደው መስኮት ይሆናል። የሆት ኤር ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ቅርብ ያለ የፕላስቲክ የሌንስ ማቀፊያ ያቀልጣል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚሸውዱን እዚህ ጋ ነው። «የሥራ ርቀቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የሚያጎላው እስከ 270 እጥፍ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚገኙ ይመስላል። አይገኙም። በአብዛኞቹ ርካሽ ዲጂታል ማይክሮስኮፖች ለማጉላት ሌንሱን ወደ ቦርዱ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛው ቁጥር የሚገኘው ክፍተቱ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ እንዲህ ይሁን፦ «በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስክሪኑን የሚሞላው የቦርዱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ሻጩ መልስ ከሌለው ማስመሪያ ከሥሩ አስቀምጦ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ከየትኛውም የማስታወቂያ ጽሑፍ ይልቅ ይህ አንድ ፎቶ ይበልጣል።

ለብየዳ የሚመቸው ስፋት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከጠበበ የመበየጃችሁ ጫፍ ከየት እንደሚመጣ አታዩም፤ ድንገት ምስሉ ውስጥ ሲገባ የጎረቤቱን ካፓሲተር ገፍቶት ይገኛል። ለምርመራ ብቻ ከሆነ ግን 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ማጥበብ ይጠቅማል፤ የተሰነጠቀ ካፓሲተር ወይም እግሩ ከቦርዱ የተነሳ አይሲ የሚታየው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ የማጉላቱን ቁጥር ራሳችሁ አስሉት

በዲጂታል ማይክሮስኮፕ «ስንት እጥፍ» የሚለው ቁጥር የሌንሱ ብቻ አይደለም፤ የስክሪኑም ጭምር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የስክሪኑን ወርድ ስክሪኑን ለሚሞላው የቦርድ ስፋት ማካፈል ነው። የ7 ኢንች ሰፊ ስክሪን ወርዱ 155 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 15.5 ሚሊ ሜትር የቦርድ ክፍል ከሞላው፣ 10 እጥፍ አጎላ ማለት ነው። ይህንኑ ምስል በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ 24 ኢንች ሞኒተር ብትልኩት ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 34 እጥፍ ይሆናል። በመካከሉ አንድም አዲስ ነገር አልታየም፤ ያው ምስል ተለጠጠ እንጂ። «1000 እጥፍ» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

የዝርዝሩን ጉዳይ የሚወስነው በአንድ ሚሊ ሜትር ስንት ፒክስል እንደሚወድቅ ነው። 1080ፒ ምስል በወርዱ 1920 ፒክስል አለው። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 96 ፒክስል ይደርሳል። 0402 ካፓሲተር ርዝመቱ 96፣ ወርዱ 48 ፒክስል ሆኖ ይታያል ማለት ነው፤ ሊዱ በሁለቱም ጫፍ መያዙን ለማረጋገጥ ከበቂ በላይ ነው። 01005 ግን 38 በ19 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ለእሱ ስፋቱን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ያስፈልጋል። ይህን አንዴ ካሰላችሁት በኋላ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አያስደነግጣችሁም።

ስለ ሜጋ ፒክስል በአጭሩ፦ 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ነው፤ 2 ሜጋ ፒክስል ማለት ነው። «12»፣ «24»፣ «48 ሜጋ ፒክስል» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ በሶፍትዌር የተለጠጠ ፎቶ ነው የሚሰጡት። ለሥራ የምትመለከቱት ቪዲዮውን ስለሆነ እውነተኛ 1080ፒ ይበቃችኋል። 640 በ480 ብቻ የሚያሳየውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ለብየዳ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ምስሉ እጃችሁን ሲከተል እዩ

እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ምስሉ ከዘገየ፣ አእምሯችሁ ወረንጦው ገና አልደረሰም ብሎ መግፋቱን ይቀጥላል። ስታዩት አልፎ ሄዷል። 0402 እያነሳችሁ ከሆነ ዕቃው ተፈናጥሮ ምንጣፍ ውስጥ ገብቷል፤ አታገኙትም።

ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ከሆነ በአንዱና በሌላው መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ አለ። 60 ከሆነ 17 ገደማ ነው። በዚህ ላይ ምስሉ ወደ ስክሪን እስኪደርስ ያለው መንገድ ይጨመራል። አብሮት የተሠራ ስክሪን ወይም ቀጥታ የኤችዲኤምአይ ገመድ መንገዱ አጭር ነው። ዩኤስቢ በኮምፒውተር በኩል ሲያልፍ ይዘገያል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ይብሳል። በዋይፋይ ወደ ስልክ የሚልከው ለብየዳ አይሆንም፤ ለደንበኛ ጉዳቱን ለማሳየት ወይም ፎቶ ለማንሳት ብቻ ያዙት።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑት፦ የወረንጦውን ጫፍ ከሌንሱ ሥር አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ሆኖ፣ ቦርዱን ቶሎ ቶሎ መታ መታ አድርጉ። ድምፁና ምስሉ አብረው ከመጡ ጥሩ ነው። ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ከኋላው ከተጎተተ ተዉት። ብርሃኑን ቀንሳችሁም ድገሙት፤ አንዳንድ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው በሰከንድ የሚያነሳውን የምስል ቁጥር በራሱ ይቀንሳል፤ ያኔ መዘግየቱ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ስታንዱ

ዋጋው ርካሽ ሲሆን መጀመሪያ የሚሠዋው ስታንዱ ነው። ማይክሮስኮፕ ዕቃውን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፤ መንቀጥቀጡንም ያጎላል። የ0.1 ሚሊ ሜትር መነቅነቅ በ30 እጥፍ ሲታይ 3 ሚሊ ሜትር ዝላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክንዳችሁን ባሳረፋችሁ ቁጥር ምስሉ የሚዘል ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይዟችሁ ትነሳላችሁ። እንደ አንገት የሚጠመዘዘውን ተጣጣፊ መያዣና ትንሿን የፕላስቲክ መቆሚያ እለፏቸው። የብረት ምሰሶ፣ ከባድ የብረት መሠረት፣ ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መዘውር ያለው ይሁን። መዘውሩን ለቀቅ ስታደርጉት ካሜራው በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚንሸራተት ከሆነ ፎከስ አይቆይላችሁም።

በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ትልቁን ቦርድ አስታውሱ። ከምሰሶው እስከ ሌንሱ መሃል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የላፕቶፕ ቦርድ መሃል ላይ ያለ አይሲ ጋ ለመድረስ ቦርዱ ከምሰሶው ጋር ይጋጫል። ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ለምትሠሩ ክንዱ ረጅም የሆነ ስታንድ ያስፈልጋል።

በአገር ቤት ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ፣ ከባዱ ስታንዱ ነው። ካሜራውንና ሌንሱን ብቻ አስመጥታችሁ ስታንዱን ሰፈራችሁ ካለ ብረታ ብረት ቤት ማሠራት ይቻላል። የእኔ ሁለተኛ ስታንድ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ወፍራም ላሜራ መሠረት፣ ቀጥ ያለ ድፍን የብረት ዘንግ፣ በብሎን የሚጠብቅ አቃፊ ቀለበት። ቀለበቱን ከማዘዛችሁ በፊት የሌንሱን አንገት በካሊፐር ለኩ፤ ከውስጥ ስስ ጎማ አልብሱት። መሠረቱ ከሥር በአራት የጎማ እግር ቢቆም ከመንገድ የሚመጣውን የመኪና ንዝረት ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑ

ሊድ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። በሌንሱ ዙሪያ ያለው ክብ መብራት ከላይ ቀጥታ ሲወርድበት እያንዳንዱ ብየዳ ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ ክፍተቱም ስንጥቁም በዚያ ነጭ ውስጥ ይጠፋል። ብርሃኑ በደረጃ የሚቀነስ ይሁን። ከዚህ በተጨማሪ ከግራና ከቀኝ የሚያዘነብሉ ሁለት የጎን መብራቶች ያሉትን ምረጡ። የሌሉት ከሆነ ለብቻ ተገዝተው ይጨመራሉ። ነጸብራቁ ካስቸገረ መብራቱ ላይ ስስ ነጭ ወረቀት ወይም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት መሸፈን በጣም ይረዳል፤ መብራቱ የሚሞቅ አለመሆኑን ግን አረጋግጡ።

የጎን መብራት ሌላም ጥቅም አለው። በስክሪን ስትሠሩ ጥልቀት የለም፤ ወረንጦው ዕቃውን ይንካው ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ከላዩ ይሁን አታውቁም። አንዱን የጎን መብራት ብቻ አብርታችሁ ወረንጦውን ስታወርዱ፣ ጥላው ከጎን ወደ ጫፉ እየቀረበ ይመጣል። ጫፉና ጥላው በተገናኙበት ቅጽበት ነክታችኋል። ይህን ለአንድ ሳምንት ከተለማመዳችሁ በኋላ እጃችሁ ጥላውን ሳያስቡት ያነባል። በአይሲ ላይ በሌዘር የተጻፈ ደብዛዛ ቁጥር የሚነበበውም ብርሃኑ ከጎን በዝቅታ ሲመጣ ነው።

ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ ጥላማ መስመሮች ካያችሁ ካሜራውና የክፍሉ መብራት አልተስማሙም ማለት ነው። በሜኑው ውስጥ 50 ወይም 60 ኸርዝ የሚል ምርጫ ፈልጉ፤ የኢትዮጵያም የአውሮፓም 50 ነው፣ የአሜሪካ 60። መስመሮቹ የሚመጡት ከራሱ ከማይክሮስኮፑ መብራት ከሆነና ብርሃኑን ስትቀንሱ የሚብስ ከሆነ፣ መብራቱን በፍጥነት እያጠፋ እያበራ ነው የሚቀንሰው። እንዲህ ያለውን መብራት ሙሉ አብርቶ በወረቀት ማለዘብ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ከአራቱ ዓይነት የትኛው?

የብር ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በዶላር፣ በግምት ልናገር።

ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጡት የእስክሪብቶ ዓይነት የዩኤስቢ ማይክሮስኮፖች ለምርመራ ብቻ ናቸው። ውኃ የገባበትን ቦርድ ለማየት፣ የሶኬት እግር ለመቁጠር፣ ለደንበኛ ፎቶ ለመላክ ያገለግላሉ። ተማሪ ከሆናችሁና ያላችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ግዙት፤ ማየት ከአለማየት ይሻላል። ለብየዳ ግን አትመኩበት። ሌላ ሶፍትዌር ሳይጫን እንደ ተራ ዌብካም የሚሠራውን ምረጡ፤ ያኔ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይከፈታል።

ከ100 ዶላር ጀምሮ የሚሸጥ፣ ስክሪኑ አብሮት የተሠራ በብረት ስታንድ ላይ የሚቆም ዓይነት አለ። ለብቻው ሱቅ ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህን ነው። የታወቀው ምሳሌ አንዶንስታር ነው፤ ኤዲ407 የተባለው 7 ኢንች፣ ኤዲ409 ደግሞ 10.1 ኢንች ስክሪን አላቸው፤ ሁለቱም ኤችዲኤምአይ መውጫ አላቸው። 4.3 ኢንች ስክሪን ያላቸው ትንንሾቹ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ዓይን ያደክማሉ። የዚህ ዓይነት አንድ ትልቅ ጥቅም በእኛ አገር ጎልቶ ይታያል፤ በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይቀጥላል። ግማሽ የተነቀለ አይሲ ላይ ሳላችሁ መብራት ቢሄድ ቢያንስ ያላችሁበትን ታያላችሁ።

ሦስተኛው የኤችዲኤምአይ ካሜራ፣ ለብቻው የሚገጠም ዙም ሌንስና ስታንድ ተገጣጥሞ የሚሠራው ነው። ሙሉ ስብስቡ ከ120 እስከ 250 ዶላር ያወጣል፤ ሞኒተር ለብቻው ነው። ሞኒተር ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምስል በዚህ ዋጋ አያገኝም፤ በሰከንድ 60 ምስል የሚሰጡትም በብዛት እዚህ ናቸው። ጥቅሙ አንድ ክፍል ሲበላሽ ወይም ሲያረጅ እሱን ብቻ መቀየር መቻሉ ነው። ሌንሱና ካሜራው የሚጋጠሙት ሲ ማውንት በሚባል 1 ኢንች ጥርስ ነው። ካሜራው ሲኤስ ማውንት ከሆነ በመካከሉ 5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይገባል፤ ቀለበቱ ሲጠፋ ፎከስ አልመጣ ብሎ ካሜራው ተበላሸ የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከሌንሱ ሥር የሚጠለጠል 0.5 የሚል ተጨማሪ ሌንስ፣ ባርሎው የሚሉትን፣ አብራችሁ ጠይቁ። የሥራ ርቀቱንም የሚታየውንም ስፋት በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ጭሱንም ከዋናው ሌንስ ይከላከላል።

አራተኛው ሁለት የዓይን መመልከቻና ሦስተኛ የካሜራ ቀዳዳ ያለው ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ነው። ከ300 ዶላር ይጀምራል። ስልክ በየቀኑ ለሚሠራ፣ በተለይ ጃምፐር (የተቆረጠ መስመር የሚያገናኝ ቀጭን ሽቦ) ለሚስብና 0201 ለሚተክል ሰው ወጪውን ይመልሳል፤ ሁለት ዓይን ጥልቀትን ያያልና መዘግየትም የለም። የተለመደው ከ7 እስከ 45 እጥፍ ያጎላል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይሠራል። 0.5 ባርሎው ሲጨመርበት ከ3.5 እስከ 22.5 ይሆናል፤ ርቀቱም ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። አንድ ነገር ሳታጣሩ ግን ገንዘብ አትክፈሉ፦ ካሜራውና ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ ወይ? በአንዳንዶቹ ካሜራው ሲከፈት አንዱ ዓይን ይጨልማል፤ ያኔ ጥልቀቱ ይጠፋል። ከውጪ የምታስመጡ ከሆነ የመብራቱ አዳፕተር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር። 110 ብቻ የሚለው እኛ ጋ ሲሰካ ይቃጠላል።

ደረጃ 8፦ ሲገዙ ይዘው የሚሄዱት

ሱቅ ስትሄዱ የሞተ የስልክ ቦርድ፣ ማስመሪያ፣ ወረንጦና የራሳችሁን መበየጃ ቀዝቃዛውን ይዛችሁ ሂዱ። ማስመሪያውን አስቀምጡና ስፋቱን አንብቡ፤ ከዚያ ከሌንሱ እስከ ማስመሪያው ያለውን ርቀት ለኩ። የማስመሪያው መስመሮች ጠርዝ ላይ ከተጣመሙ ወይም መሃሉ ጠርቶ ጎኑ ከደበዘዘ ሌንሱ ደካማ ነው። ቀጥሎ ከፍ ያለ ካፓሲተርና ከአጠገቡ ዝቅ ያለ ሬዚስተር ያለበትን ቦታ እዩ፤ ሁለቱም በተቀራራቢ ጥራት ከታዩ የፎከሱ ጥልቀት ለብየዳ ይበቃል። አንዱን ለማየት ሌላው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በየደቂቃው መዘውር ስታዞሩ ትውላላችሁ። መበየጃውን እንደምትሠሩበት አድርጋችሁ አስገቡ። ጠረጴዛውን መታ አድርጉና ምስሉ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ጋ ገንዘባችሁን አታስቀሩ።

በኦንላይን የምታዙ ከሆነ እነዚህኑ ፈተናዎች ዕቃው በደረሰ ቀን አድርጉ፤ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ። የምትጠቀሙበትም ሚሞሪ ካርድ ከ32 ጊጋ ባይት ያልበለጠ ቢሆን ይሻላል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ያለውን አያነቡም።

አንድ የማይሰጣችሁን ነገርም ልንገራችሁ። ከሥሩ በኳስ ሊድ የተበየደ ቺፕ፣ ቢጂኤ የሚሉት፣ ሥሩ በየትኛውም ማይክሮስኮፕ አይታይም። ጠርዙን ብቻ ታያላችሁ። ለሥሩ ኤክስሬይ ነው የሚያስፈልገው። «ቢጂኤ ብየዳን ያሳያል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ደረጃ 9፦ ጠረጴዛችሁ ላይ ስትተክሉት

ስክሪኑን ከዓይናችሁ ከፍታ ጋር አስተካክሉት፤ አንገት ደፍቶ መሥራቱን ልታቆሙ ነው የገዛችሁት። ቦርዱን ወደ ቀኝ ስትገፉ ምስሉም ወደ ቀኝ መሄዱን አረጋግጡ። ካልሄደ ካሜራውን አዙሩት፤ ወይም ሜኑው ውስጥ ምስሉን ገልብጡት። ይህን ሳያስተካክሉ የሚጀምሩ ሰዎች ለሳምንታት በተገለባበጠ እጅ ይሠራሉ።

ጭስ መሳቢያ ከሌላችሁ የአሮጌ ኮምፒውተር ፋን ጎን ላይ አቁሙና ጭሱን ከእናንተም ከሌንሱም አርቁ። ሌንሱ ላይ ግልጽ መከላከያ መስታወት የሚገጠም ከሆነ ግጠሙ፤ ሲቆሽሽ የምታጸዱት እሱን ነው። ለማጽዳት የሌንስ ወረቀትና ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል። አልኮሉን ወረቀቱ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አታፍስሱ፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ከዚያ የሞተ ቦርድ ላይ ተለማመዱ። የመጀመሪያው ቀን 0603 አንስታችሁ መልሳችሁ ትከሉ። እጃችሁ ይንቀጠቀጥ ይመስላችኋል፤ እውነትም ይንቀጠቀጣል፣ ከዚህ በፊት አላያችሁትም እንጂ። የሁለቱንም እጆች ትንንሽ ጣቶች መሠረቱ ላይ አሳርፉ፤ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሃያ ያህል ያለ ስህተት ስትተክሉ ወደ 0402 ውረዱ፤ ከዚያ አንድ የታይፕ ሲ ሶኬት ነቅላችሁ መልሱ። ስትጨርሱ ፍላክስ የቀባችሁትን ረድፍ በአልኮል አጽዱ፤ የጎን መብራቱን አብሩ፤ ስፋቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጥብባችሁ ከአንደኛው እግር እስከ መጨረሻው፣ በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ቁጠሩ።